ቶኑን ብቻ አትጠይቁ፦ ፕሬስ ለሚገዙና በፕሬስ ለሚሠሩ ጋራዦች የቀረበ ማሳሰቢያ

የመኪና ኩሽኔታ በመዶሻ የሚወጣበትና በመዶሻ የሚገባበት ጋራዥ ዛሬም ሞልቷል። አሮጌውን በመዶሻ ማውጣት ያስኬድ ይሆናል፤ የሚጣል ነውና። አዲሱን በመዶሻ ማስገባት ግን ገና ከካርቶኑ የወጣን ዕቃ በገዛ እጅ ማበላሸት ነው። ስለዚህ ፕሬስ ለመግዛት ያሰበ ባለጋራዥ ሊበረታታ ይገባዋል። ችግሩ የሚጀምረው ገበያው ላይ ነው። ሻጩ “ባለ ስንት ቶን?” ይላል፣ ገዢው ኪሱ የፈቀደለትን ትልቁን ቁጥር ይጠራል፣ አዲስ ቀለም የተቀባው ብረት አይሱዙ ላይ ተጭኖ ይሄዳል። ጋራዥ ሲደርስ ናክሉ (ሞዞውንና የፍሬኑን መያዣ የሚሸከመው ብረት) በቋሚዎቹ መካከል አልገባ ይላል፤ ቢገባም ጠረጴዛው ይጎብጣል፣ መደገፊያው ብረት ይሰነጠቃል። ከዚህ በታች ያለው የተጻፈው ገንዘባችሁ እንዲህ እንዳይባክን፣ ከተገዛም በኋላ የማንም ዓይን እንዳይጠፋ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት

ሥራችሁን ሳታዩ ቶን አትምረጡ። ባለፈው ዓመት ጋራዣችሁ የገባው መኪና ምን ነበር? ቪትዝና የቀደሙት ኮሮላዎች የፊት ጎማቸው ኩሽኔታ ናክሉ ውስጥ ተገፍቶ የሚገባ ነው። ለእንዲህ ያለው ሥራ 10 ወይም 12 ቶን አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ዝገት የያዘው ኩሽኔታ ሲመጣ ግን ያው 12 ቶን ጥግ ደርሶ ይቆማል፤ 20 ቶን ያለው ሰው እዚህ ላይ ይተነፍሳል። ላዳ ላይ ደግሞ የኋላውን አክሱል ዘንግ ኩሽኔታ የሚይዘው በሙቀትና በግፊት የገባ የብረት ቀለበት ነው፤ የሂሉክስ የኋላ ዘንግም ተመሳሳይ በግፊት የገባ ቀለበት አለው። ያንን ቀለበት ከዘንጉ ለማላቀቅ 20 ቶን ቅንጦት አይደለም። በነገራችን ላይ የወጣ ቀለበት ተመልሶ አይገባም፤ ጎማውን ከነዘንጉ ከመውጣት የሚያግደው እሱ ነውና ሁልጊዜ በአዲስ ይቀየር። ሥራችሁ የጭነት መኪና ባሌስትራ ቡሽና የፊት አክሱል ፔርኖ ከሆነ ከ30 እስከ 50 ቶን አስቡ።

ታዲያ ለምን ሁሉም 50 ቶን አይገዛም? ዋጋው ብቻ አይደለም ምክንያቱ። ትልቅ ፕሬስ ለትንሽ ሥራ እጁ ደንዳና ነው። የቪትዝ ኩሽኔታ ቦታው ለመግባት 2 ቶን ቢፈልግ፣ በ50 ቶኑ ጌጅ ላይ ቀስቱ ከዜሮ ብዙም ሳይርቅ ሥራው ያልቃል። ኩሽኔታው ጥግ መድረሱን ወይም ጠምሞ መግባቱን ቀስቱ አይነግራችሁም፣ የፖምፓው እጀታም አይነግራችሁም፤ የምታውቁት ናክሉ ሲሰነጠቅ ነው። ለተራ የቤት መኪና ጋራዥ የእኔ ምርጫ ጥሩ አካል ያለው 20 ቶን ነው። ቀጭን አካል ካለው 30 ቶን ይልቅ እሱን አስበልጣለሁ።

በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ያለውን ስፋት ሳትለኩ አትክፈሉ። በዚህ ነገር የተቆጨ ባለጋራዥ ብዙ ነው። ብራቾ ረጅም ነው፣ ናክል ቅርጹ የተወላገደ ነው፤ ሁለቱም ቀጥ ብለው ካልተቀመጡ ግፊቱ ያዘነብላል። ከሶማሌ ተራ የተጣለ ናክልና ብራቾ ፈልጋችሁ በጆንያ አድርጋችሁ ወደ ሻጩ ውሰዱ፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣችሁ እዩ። ሻጩ ቢስቅ ይሳቅ። ቁመቱም እንደዚሁ ነው። ረጅም የአክሱል ዘንግ የሚሠራ ሰው ጠረጴዛው ወደ ላይ ተነሥቶ ዘንጉ ከሥሩ የሚወርድበት ክፍት ቦታ ያስፈልገዋል። ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ የሚሠራው ትንሹ ፕሬስ እዚህ ላይ አይረዳም፤ ወለል ላይ የሚቆመውን ውሰዱ።

ክብደቱን ጠይቁ። ሁለት ፕሬሶች “20 ቶን” ተብለው ጎን ለጎን ቆመው አንዱን አንድ ሰው ብቻውን ገፋ አድርጎ ያስጠጋዋል፣ ሌላውን ለማንቀሳቀስ ሦስት ሰው ይጠራል። ልዩነቱ የብረቱ ውፍረት ነው። ቶኑ ክሪኩ የሚችለውን ይናገራል፤ አካሉ መቻሉን የሚናገረው ብረቱ ነው። 20 ቶን ማለት ሃያ ያህል ቪትዝ በአንድ ዘንግ ጫፍ ላይ ተደራርቦ መቆም ማለት ነው። ያን ሁሉ ጉልበት ላይኛው አግዳሚ ወደ ላይ፣ ጠረጴዛው ወደ ታች ይቀበሉታል፤ ቋሚዎቹ ደግሞ ይለጠጣሉ። ስትገዙ ቀጥ ያለ ማስመሪያ ብረት ጠረጴዛው ላይ አጋድሙና ክፍተት መኖር አለመኖሩን እዩ። ከዚያ ሰፊና ወፍራም ብረት አስገብታችሁ እስከ ግማሽ ጉልበቱ ድረስ ግፉት፣ ልቀቁት፣ እንደገና ለኩ። ሲገፋ ትንሽ መለመጥ የብረት ባሕርይ ነው። ሲለቀቅ ወደ ቦታው የማይመለስ ከሆነ ግን እዚያው ተዉት። ሙሉውን ቶን ለሙከራ ብላችሁ አትግፉ።

የጠረጴዛውን መያዣ ፔርኖዎች በእጃችሁ አውጥታችሁ እዩ። ወፍራምና ቀጥ ያሉ፣ ከሁለቱም በኩል ቋሚውን አልፈው የሚታዩ መሆን አለባቸው። አንዱ ጠፍቶ በፌሮ ቁራጭ የተተካበትን ፕሬስ አትግዙ። ገዝታችሁም ከሆነ ፌሮውን ዛሬውኑ አውጡና ቶርኖ ቤት ትክክለኛውን አሠሩ።

ስለ አገር ውስጥ በያጆች ፕሬስ

ምናለሽ ተራ ገብቶ ዩ ብረትና ያገለገለ ክሪክ ገዝቶ ፕሬስ በየዳ ያሠራውን ሰው አልነቅፍም። ጥሩ በያጅ የሠራው አካል ከውጭ ከመጣው ቀጭን አካል የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ሦስት ነገር ይጠየቅ።

ክሪኩ እንዴት ነው የቆመው? ተራው ጠርሙስ መሰል ክሪክ ተገልብጦ አይሠራም፤ ፖምፓው ከዘይት ይልቅ አየር ይስባል። በትክክል በተሠራ ፕሬስ ላይ ክሪኩ በሚንሸራተተው ግፊት ብረት ላይ ቀጥ ብሎ ይቆምና ራሱን ላይኛው አግዳሚ ላይ ያሳርፋል፣ ሲገፋ ብረቱ ወደ ታች ይወርዳል። ይህን የማያውቅ በያጅ ሌላውንም አያውቅ ይሆናል።

አካሉ ለስንት ቶን ተሠራ? ለ12 ቶን ክሪክ የተበየደውን አካል 12ቱ ሲያንስ 30 ቶን ክሪክ አምጥቶ መተካት በጣም የተለመደና በጣም መጥፎ ልማድ ነው። ክሪኩ ያድጋል፣ ብየዳው ግን እዚያው ነው። አካሉ ላይ የተሠራበት ቶን በማይለቅ ቀለም ይጻፍ፤ ከዚያ የሚበልጥ ክሪክ አይግባበት።

ሦስተኛው፣ ጉልበቱ የሚያርፈው የት ነው? ላይኛው አግዳሚ በጎንና በጎን በብየዳ ብቻ ተንጠልጥሎ ከሆነ ሁሉም ነገር በያጁ በዚያ ቀን በነበረው እጅ ላይ ቆመ ማለት ነው። አግዳሚው ከቋሚዎቹ ጋር በወፍራም ብሎን ወይም በፔርኖ ታስሮ ብየዳው ተጨማሪ ቢሆን ይመረጣል። ስንጥቅ የታየበትን ብየዳ በላዩ ደግሞ መበየድ ጥገና አይደለም፤ ተቆርጦ፣ ተጠርጎ፣ እንደገና ይሠራ።

ጌጅ፣ ፖምፓና ዘይት

ጌጅ የሌለው ፕሬስ አትግዙ፤ ካላችሁ ደግሞ ጌጅ ጨምሩበት። ክሪኩ ጌጅ መግጠሚያ ከሌለው፣ ፖምፓው ለብቻው በጎን ቆሞ በቱቦ ወደ ሲሊንደሩ የሚገፋውን ዓይነት ፈልጉ። በዋጋው ከፍ ይላል፣ ግን እጀታውን ስትገፉ ከዕቃው ፊት አትቆሙም፤ ለእኔ ይህ ብቻውን ዋጋውን ይመልሳል። ጌጁ በባር ብቻ የሚያሳይ ከሆነ የፒስቶኑን ዲያሜትር እወቁ። 60 ሚሊ ሜትር የሆነ ፒስቶን በ70 ባር 2 ቶን፣ በ350 ባር 10 ቶን፣ በ700 ባር 20 ቶን ያህል ይገፋል። ይህን በቀለም ጌጁ አጠገብ ጻፉት።

ቀስቱን ማንበብ ልመዱ። ኩሽኔታ በትክክል ሲገባ ቀስቱ ቀስ ብሎ፣ ሳይዘል ይወጣል፤ ጥግ ሲደርስ በድንገት ሽቅብ ይላል። ያኔ አቁሙ። ገና መግቢያው ላይ ሽቅብ ካለ ኩሽኔታው ጠምሟል፤ መልሱና አስተካክሉ። “ትንሽ ነው የቀረው፣ ግፋው” የሚል ድምፅ ከኋላ ከተሰማ ድምፁን ሳይሆን ቀስቱን እመኑ።

በአየር የሚሠራው ፖምፓ ያፈጥናል፣ ኮምፕረሰር ላለውና ቀኑን ሙሉ ለሚገፋ ጥሩ ነው። መብራት ሲጠፋ ግን አብሮ ይቆማል፤ የእጅ እጀታም ያለውን ምረጡ።

የፍሬን ዘይት ፕሬስ ውስጥ አትጨምሩ። የውስጥ ጎማዎቹን ያበላሻል። የሞተር ዘይትም አይሁን፤ የሃይድሮሊክ ዘይት በሊትር ይሸጣል።

ጉልበቱን የምትገድበውን ቫልቭ አትንኳት። ፋብሪካው ልክ ያደረጋት ፕሬሱ ከአቅሙ በላይ እንዳይገፋ ነው። “ሲጠብቅ ይጨምራል” እያሉ የሚያጠብቁ አሉ፤ በእርግጥም ይጨምራል፣ የሚጨምረው ግን የብረቱን ስብራት ነው።

ዘይት ከቱቦው ሲያንጠባጥብ ቀዳዳውን በእጃችሁ ዳሳችሁ አትፈልጉ። በመቶዎች ባር የሚወጣ ዘይት ጓንትንም ቆዳንም ይበሳል። ቀዳዳዋ የመርፌ ጫፍ ታክላለች፣ ብዙም አታምም፣ ሰውየው ፕላስተር ለጥፎ ሥራውን ይቀጥላል። ውስጥ የገባው ዘይት ግን ሥጋውን ይገድላል፤ የዘገየ ሰው ጣቱን ወይም እጁን ሊያጣ ይችላል። እንዲህ የሆነ ሰው ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይወሰድ፣ ሐኪሙም “በከፍተኛ ግፊት የገባ ዘይት ነው” ተብሎ ይነገረው፤ ከውጭ ሲታይ ተራ ጭረት ስለሚመስል። ፍንጥቁን ለማግኘት ካርቶን ቁራጭ በርቀት አሳልፉበት።

መደገፊያ ብረቶቹ

አብረው የሚመጡትን ሁለት መደገፊያዎች በጥርጣሬ ተመልከቱ። ብዙዎቹ ጊዛ፣ ማለትም በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ናቸው። ጊዛ ጭነትን በቀጥታ ሲቀበል ጎበዝ ነው። መካከሉ ባዶ ሆኖ ከላይ ሲገፋ ግን አይለመጥም፣ አያስጠነቅቅም፤ ይፈነዳል። እኔ ለፕሬስ ከሚወጣው ገንዘብ መጀመሪያ የምመድበው ለወፍራም የብረት መደገፊያ ነው። ቶርኖ ቤት ወስዳችሁ ወፍራም ጠፍጣፋ ብረት አስቆርጡ፣ ሁለት ፊቱን አስላጉ። ተራ ብረት ከአቅሙ በላይ ሲሆን ይጎብጣል፣ መጎበጡ ደግሞ ለዓይናችሁ ይታያል። ጠንካራ ይሁን ብላችሁ በእሳትና በውኃ አታጠንክሩት፤ የጠነከረው እንደ ጊዛው ይሰበራልና።

ጎን ለጎንም የግፊያ ቀለበቶች አሠሩ። ለውጭው ቀለበት ከእሱ ትንሽ የሚያንሱ፣ ለውስጡ ደግሞ ቀዳዳቸው ከውስጡ ቀለበት ቀዳዳ ትንሽ የሚሰፋ፣ ፊታቸው ቀጥ ብሎ የተላገ። አሮጌ ኩሽኔታ ሲወጣ የውጭ ቀለበቱን ዳሩን ትንሽ አስሞርዳችሁ ለአዲሱ መግፊያ የማድረግ ልማድ አለ። ለቀላል ግፊት ይሠራል፤ ለከባድ አይሆንም፤ ለምን እንደማይሆን ከታች እናገኘዋለን።

ዕቃ ማደላደያ ተብሎ እንጨት፣ የሶኬት ኪያቤ፣ ሳንቲም፣ የተቆራረጠ ፌሮ አይደርደር። በተለይ ሶኬት። ሶኬት ለማዞር እንጂ ለመገፋት አልተሠራም፤ ተፈናጥሮ ሲሄድ ግድግዳ ይበሳል።

ሲገፉ

የሚገፋው ቀለበት ጠብቆ የሚገባው ቀለበት ይሁን። ኩሽኔታውን ናክል ውስጥ ስታስገቡ የሚጠብቀው የውጭው ቀለበት ስለሆነ የውጭውን ግፉ። ሞዞውን ኩሽኔታው ውስጥ ስታስገቡ ደግሞ የሚጠብቀው የውስጡ ነው፤ ስለዚህ የውስጡን ቀለበት ከሥሩ ደግፉ። ይህ ሁለተኛው ነው ብዙ ሰው የሚዘነጋው። ናክሉን ጠረጴዛው ላይ አሳርፎ ሞዞውን ከላይ የገፋ ሰው ያን ሁሉ ጉልበት በብዮቹ ውስጥ አሳለፈው ማለት ነው። ብዮቹ በጠነከረው መንገዳቸው ላይ በዓይን የማይታዩ ጉድጓዶች ይተዋሉ። መኪናው ሲወጣ ጸጥ ያለ ይመስላል፣ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ሁም ማለት ይጀምራል። ያኔ “ዕቃው ኦሪጅናል አይደለም” ይባላል፣ ሻጩ ይሰደባል። በእርግጥ የማይረባ ኩሽኔታ በገበያ አለ፤ ግን በስሙ የተሳደበው ሁሉ አጥፍቶ አይደለም።

በዚሁ ምክንያት ሞዞው ተገፍቶ የወጣለት ኩሽኔታ ደግሞ አይገባም። “ገና ነው፣ ድምፅ የለውም” ቢባልም ሲወጣ በብዮቹ ላይ ተጎትቷል።

የብረት ክሊፑን ሳታወጡ አትግፉ። ናክሉ ውስጥ ኩሽኔታውን የሚያግደው ቀለበት ቅባትና ዝገት ሸፍኖት አይታይም። በብሩሽ ጥረጉ፣ በባትሪ እዩ። ፕሬሱ አልገፋ ሲል ጉልበት ከመጨመራችሁ በፊት የምትጠይቁት የመጀመሪያው ጥያቄ “ክሊፑ ወጥቷል ወይ?” ይሁን።

የኤቢኤስ መኪና ላይ የኩሽኔታውን ገጽ ለዩ። በአንድ ጎኑ ማግኔት ያለበት ቀጭን ቀለበት አለ፤ ያ ጎን ወደ ሴንሰሩ ይዙር። ተገልብጦ ከገባ ኩሽኔታው ይሠራል፣ የኤቢኤሱ መብራት ግን አይጠፋም። ያን ገጽ የብረት ፍቅፋቂ በሞላበት ጠረጴዛ ላይም አታሳርፉት።

ከፊት ለፊት አትቁሙ። የኩሽኔታ ብረት እጅግ የጠነከረ ነው፤ ለመንከባለል እንጂ ለመታጠፍ አልተፈጠረም። ጠምሞ ወይም ባልሆነ ቦታ ተደግፎ ሲገፋ እንደ ተራ ብረት አይጎብጥም፤ ተሰባብሮ ስለታም ቁርጥራጭ ሆኖ ይበተናል። አሮጌ ቀለበትን ለከባድ ግፊት አትጠቀሙ ያልኩት ለዚህ ነው። ፊት ለፊቱን ወፍራም የብረት ወንፊት ወይም ለዚሁ የተሠራ ወፍራም ፖሊካርቦኔት ይከልለው። ተራ የመስኮት መስታወት መከለያ አይሆንም። መነጽር የሚያደርገው እጀታውን የያዘው ብቻ ሳይሆን በአካባቢው ያለው ሁሉ ነው።

የተወጠረን ዕቃ በመዶሻ አትምቱ። ፕሬሱ ጥግ ደርሶ ኩሽኔታው ካልተነቃነቀ ግፊቱን ልቀቁ፣ ዝገት ማላቀቂያ ቀቡ፣ ናክሉን አሙቁ፣ ጊዜ ስጡት። 15 ቶን ተሸክሞ የቆመን ብረት በመዶሻ መቀስቀስ የሚሳካበት ጊዜ አለ፤ ያልተሳካለት ግን ለመናገር አይመጣም። ዝገት የያዘው ዕቃ ሲላቀቅ እንደ ተኩስ ይጮኻል፤ አዲስ ሠራተኛ ካለ አስቀድማችሁ ንገሩት፣ ደንግጦ እጁን ወደ ውስጥ እንዳይሰድ።

ለማሞቅ የጋዝ ነበልባል ኩሽኔታው ላይ አታድርጉ። ክፍት ኩሽኔታን ከ125 ዲግሪ በላይ ማሞቅ ብረቱን ይጎዳል፤ ሁለት ጎኑ የተዘጋው ደግሞ ግራሶውና ማገጃው ከዚያ በጣም ባነሰ ሙቀት ይበላሻል። የተሻለው ኩሽኔታውን ፍሪጅ በረዶ ቤት ውስጥ ማቀዝቀዝና ናክሉን ማሞቅ ነው። ለአሉሚኒየም ናክል የፈላ ውኃ ይበቃል፤ አዲስ አበባ ላይ ውኃ 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ከልክ በላይ ይሞቃል ብሎ መስጋት የለም። 70 ሚሊ ሜትር የሆነ የአሉሚኒየም ቀዳዳ ሙቀቱ በ60 ዲግሪ ሲጨምር ወደ 0.1 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ ያ ደግሞ ብዙ ቶን ይቆጥባል። ከማስገባታችሁ በፊት በደንብ አድርቁት፣ ከቀዘቀዘው ኩሽኔታ ላይም ጤዛውን ጥረጉ።

ስለ ቡሽ

የብራቾ ጎማ ቡሽ በብዙ ጋራዥ ከኩሽኔታ ያነሰ ክብር ያገኛል። ጎማ ነው፣ ምን ይሆናል ይባላል። ሆኖም ብዙ ቡሽ አቅጣጫ አለው፤ በጎማው ውስጥ የሚታየው ባዶ ቦታ በየትኛው በኩል እንደነበር አሮጌው ሳይወጣ ብራቾው ላይ በቀለም ምልክት አድርጉ። የብራቾውን ሁለት ጆሮ ያለ መደገፊያ አትግፉ፤ ይጎብጣሉ፣ ቡሹም ከገባ በኋላ ይላወሳል። በመካከላቸው ልኩን የጠበቀ ቱቦ አስገቡ። የሚገፋው የቡሹ የውጭ ብረት እንጂ የመካከሉ ቱቦ አይደለም።

ግራሶም የሞተር ዘይትም ጎማ ላይ አትቀቡ፤ ያሳብጡታል። የሳሙና ውኃ ይበቃል። አሮጌውን ጎማ በእሳት አቃጥሎ ማውጣት ይፈጥናል፣ ጭሱ ግን መርዝ ነው፤ ጎረቤትም ይተነፍሰዋል። ቅርፊቱን በመጋዝ መሰንጠቅ ንጹህ መንገድ ነው። ውስጡ ፈሳሽ ያለበትን ቡሽ ግን አትቁረጡ፤ በግፊት ሙሉውን አውጡት።

ብራቾው መኪናው ላይ ከተመለሰ በኋላ ብሎኑን መኪናው በክሪክ ተሰቅሎ ሳለ እስከ ጥግ አታጥብቁ። ጎማው መሬት ረግጦ፣ መኪናው ክብደቱን ሰጥቶ ሲቆም ይጥበቅ። አለበለዚያ ቡሹ ሁልጊዜ ተጠምዝዞ ይውላል፣ ቶሎም ይቀደዳል። ፕሬሱ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ይህን አያድነውም።

ለባለቤቶች፣ ለማህበራትና ለባለመኪኖች

ልጅ ፕሬስ ላይ አታቁሙ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ ከዚያ እስከ 18 ዓመት ያለውን ወጣትም ለአደጋ የሚያጋልጥ ሥራ ላይ ማሰማራትን አይፈቅድም። ፕሬስ ከዚህ ውስጥ አይገባም የሚል ሰው ኩሽኔታ ሲፈነዳ አላየም። ተለማማጁ ይመልከት፣ ዕቃ ያቀብል፣ ጌጅ ማንበብ ይማር፤ እጀታው ግን የአዋቂ ነው። በዚሁ አዋጅ አሠሪው መከላከያ መሣሪያ የማቅረብና አጠቃቀሙን የማስረዳት፣ ሠራተኛውም የቀረበለትን የመጠቀም ግዴታ አለበት። አንድ መነጽር ለስድስት ሰው ማስቀመጥ ማቅረብ አይባልም።

በአንድ ግቢ የምትሠሩ ትንንሽ ጋራዦች ለየብቻችሁ አራት ደካማ ፕሬስ ከምትገዙ አንድ ጥሩ ግዙ። በማህበር የተደራጃችሁና በካፒታል ዕቃ ሊዝ ማሽን የምትወስዱ፣ የምትጠይቁት ወረቀት ላይ “ፕሬስ 20 ቶን” ብቻ አትጻፉ። የቋሚዎቹን ስፋት፣ ጌጅ፣ የብረት መደገፊያና የፊት መከለያ ጨምራችሁ ጻፉ። ያልተጻፈ ነገር አይመጣም። ለጋራው ፕሬስ አንድ ኃላፊ ሰይሙ፤ ቁልፉም መዝገቡም እሱ ዘንድ ይሁን። ሻጮችም ብትሆኑ፣ ገዢው ናክሉን ይዞ ቢመጣ በሩን አትዝጉበት።

ፕሬሱን ወለሉ ላይ በብሎን እሰሩ። ማታ ሲዘጋ ግፊቱ ተለቆ፣ ዘንጉ ወደ ላይ ተመልሶ፣ ጠረጴዛው ባዶ ሆኖ ይደር። ዕቃ ወጥሮ “ዝገቱ ይላቀቅ” ብሎ ሌሊቱን መተው የተለመደ ነው፤ ጠዋት መጀመሪያ የምትገባው የጽዳት ሠራተኛዋ መሆኗ ይታሰብ።

ባለመኪኖች፣ ኩሽኔታችሁ ሲቀየር አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ በፕሬስ ነው ወይስ በመዶሻ? ጥያቄው ስድብ አይደለም፤ ጥሩ መካኒክ ይደሰትበታል። ጋራዡ ፕሬስ ከሌለው ናክሉ ተፈትቶ ፕሬስ ወዳለው ቶርኖ ቤት ይላክ በሉ። ለዚያ የሚከፈለው ከእጅ ዋጋው ተለይቶ ደረሰኙ ላይ ለብቻው ይጻፍ፤ መካኒኩም ከራሱ ድርሻ ላይ እንዳይቀነስበት ሲል መዶሻውን አያነሳም።